ከኦክ ዛፍ ሥር የተለቀመ እንጉዳይ ሁለት ጊዜ ተቀቅሎ ይበላል?

ይህን የውይይት መድረክ ክር የከፈተው ሰው የሚጽፈው ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ጥያቄው የሁለት መስመር ነበር፤ ክሩን ያስረዘመው አብሮ ያመጣው ድምዳሜ ነው፤ እንዲህ ይላል፦ ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲጀምር በየመናፈሻው ከኦክ ዛፍ ሥር ቆቡ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ እንጉዳይ ይፈላል። ወቅቱ ከገና ጾም ጋር ይገጥማል፤ ለጥብስ የሚሆን በነፃ ተገኘ ማለት ነው። አገር ቤት ኩይሳ ላይ ከሚለቀመው አይለይም። የሚጠራጠር ካለ ሁለት ጊዜ ቀቅሎ ውኃውን ይድፋ፣ በነጭ ሽንኩርት ይጥበሰው፣ አንድ ሰው ቀምሶ ሁለት ሰዓት ይጠበቅ፤ ምንም ካልተሰማው ሌላው ይብላ። ያያያዘው ፎቶ ከላይ የተነሳ ነው፤ ከቆቡ በቀር የሚታይ የለም።

1ኛው ምላሽ ሰላምታ አስቀድሞ በትሕትና ነው የመጣው። እስካሁን ካልተበላ ይቅር፣ ከተበላ ደግሞ ክሩን ማንበብ ትታችሁ 1-800-222-1222 ደውሉ አለ። የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት የጋራ ስልክ ነው፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል፣ አያስከፍልም፣ «አምሃሪክ» ካሏቸው አስተርጓሚ ያስገባሉ። ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን 911 ይቀድማል።

2ኛው ሰው የእንጉዳይ ነገር የገባው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ከፎቶው ብቻ ማረጋገጥ እንደማይቻል ተናግሮ፣ ቦታው፣ ወሩና የቆቡ ቀለም ግን ሁሉም ወደ አንድ ስም እንደሚያመለክቱ ጻፈ፤ አማኒታ ፋሎይደስ። ፈረንጆቹ የሞት ቆብ ይሉታል። የአውሮፓ ተወላጅ ነው፤ ወደ ካሊፎርኒያ የገባው ከዛፍ ችግኝ ሥር ጋር ሲሆን አሁን ከአገሩ ኦክ ጋር ተላምዶ ይኖራል። ቆቡ ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫማ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ነጭ ይሆናል። ከቆቡ ሥር ያለው ሽንሽን ነጭ ነው፤ ግንዱ ላይ እንደ ቀሚስ ጫፍ የተንጠለጠለ ቀለበት አለው። ዋናው ምልክት ግን ከሥር ነው፤ ግንዱ የተተከለበት ነጭ ከረጢት፣ የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ። ይህ ከረጢት አፈር ውስጥ ስለሚቀበር እንጉዳዩን ከአንገቱ የሚቀጥፍ ሰው ምልክቱን መሬት ውስጥ ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ለመለየት ሲባል ዙሪያው በቢላ ተቆፍሮ ከነአፈሩ ይነሳል፣ ከዚያ ከላይ፣ ከሥርና ከጎን፣ ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጦ ፎቶ ይነሳል።

በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ ምላሽ 3ኛው ነው፤ ምክንያቱም የአገር ቤቱን ልምድ ሳያናንቅ ለምን እዚያ እንደማይሠራ አስረዳ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከፋና ኢሉባቦር አካባቢ፣ ኩይሳ ላይ የሚለቀመው ቴርሚቶማይሲስ የሚባል ወገን ነው። ምስጦቹ ራሳቸው ጎጇቸው ውስጥ ይተክሉታል፤ ግንዱ ወደ ታች እንደ ሥር ረዝሞ እስከ ምስጡ ጎጆ ይወርዳል፣ የቆቡም መሐል አፈር የሚበሳበት ጠንካራ ሹል ጫፍ አለው። እነዚህ እንጉዳይ አርቢ ምስጦች ያሉት አፍሪካና እስያ ብቻ ነው። አሜሪካም አውሮፓም የሉም። ስለዚህ ኦክላንድ ላይ የኩይሳ እንጉዳይ የሚመስል ነገር ካየህ፣ ምንም ይሁን ምን እሱ አይደለም። እናት ያስተማረችው ሙያ ትክክል ነው፤ የተማርንበት እንጉዳይ ግን ባሕር አልተሻገረም።

4ኛው ከዚህ ጋር ተስማምቶ በጎን አንድ እርማት አስገባ። አንዳንዱ ቴርሚቶማይሲስ ቀለበት ስላለው ቀለበት ያለው ሁሉ መርዝ ነው የሚለው መለያ አይያዝም። የተሻለው የስፖር፣ ማለትም የእንጉዳዩ ዘር ብናኝ፣ አሻራ ነው፦ ግንዱን ቆርጦ ቆቡን በሽንሽኑ በኩል ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ወረቀት ላይ መድፋት፣ ብርጭቆ ከድኖበት ከ4 እስከ 12 ሰዓት መተው። የሞት ቆብ ነጭ አሻራ ይጥላል፣ ቴርሚቶማይሲስ ወደ ሮዝ ያደላ። በአሜሪካ ግቢ ሣር ላይ በበጋ የሚወጣው፣ ብዙ ሰው የሚያስታውከው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይቲስ ደግሞ አረንጓዴ ይጥላል።

5ኛው ይህን ሲያነብ እንደተጨነቀ ያስታውቃል። ሮዝ አሻራ የመብላት ፈቃድ እንዳይመስላቸው ለሚያነቡ ሰዎች ሰጋ፤ ሮዝ ስፖር ባለው ኢንቶሎማ በሚባለው የእንጉዳይ ወገን ውስጥም ሆድ የሚያገላብጡ አሉና። አሻራ የሚጠቅመው ለመጣል እንጂ ለመብላት አይደለም አለ። ጨምሮም ገና ያልተከፈተው የሞት ቆብ እንቁላል ይመስላል፣ ፓፍቦል ከሚባለው ኳስ መሰል እንጉዳይ ጋር ይምታታል፤ ከላይ ወደ ታች ሲሰነጠቅ ፓፍቦል ወጥ ነጭ ነው፣ ይሄኛው ውስጥ ግን የቆብና የግንድ ቅርጽ ተስሎ ይታያል።

የመቀቀሉን ጉዳይ 6ኛው ምላሽ ያዘው። መርዙ አማቶክሲን ይባላል፤ ስምንት አሚኖ አሲዶች ተያይዘው እርስ በርስ የተቆለፉበት ቀለበት ነው። በሙቀት አይፈታም። ቢቀቀል፣ ቢጠበስ፣ ቢደርቅ፣ ፍሪዘር ውስጥ ቢከርም ያው ነው። ለሞት የሚያበቃው መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሆነ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ይህን አንድ መካከለኛ እንጉዳይ ብቻውን ሊይዘው ይችላል። ከመርዙ የተወሰነው ወደ ቅቅሉ ውኃ ይወጣል፣ ሥጋው ውስጥ የሚቀረው ግን ይገድላል። መርዝ ሲነካቸው ነጭ ሽንኩርት ይጠቁራል፣ የብር ማንኪያም ይናገራል የሚባለው አይሠራም። ቀንድ አውጣ በልቶታል የሚለውም አይሠራም፤ ቀንድ አውጣ በልቶት ደህና ነው፣ የቀንድ አውጣ ጉበት ግን የሰው ጉበት አይደለም። ጣዕሙም አያስጠነቅቅም፤ በልተው የተረፉ ሰዎች ጥሩ ነበር ይላሉ።

እዚህ ላይ ድምፁ መቀየር ጀመረ። 7ኛው ወተት መርዝ ያረክሳል ብሎ አንድ ሊትር ወተት፣ ካልሆነም ፌጦ በሎሚ እንዲጠጣ መከረ። 8ኛው ከሱ ባሰ፤ ሐኪም ቤት የሚሰጡት ከሰል ስለሆነ የምድጃ ከሰል ወቅጦ በውኃ መጠጣት ይቻላል አለ።

9ኛው በቁጣ ነው የመጣው፤ ሁለቱንም በስም እየጠራ። ወተት አማቶክሲንን አይነካውም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሰውየውን ተንከባከብነው አሰኝቶ ቤት ማስቀመጥ ነው። ፌጦም እንደዚያው፣ ጭራሽ የተቃጠለ አንጀት ላይ ሌላ እሳት። የምድጃ ከሰል ደግሞ የሕክምናው ከሰል አይደለም፤ የሕክምናው በልዩ አሠራር ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ተከፍተው መርዝ የሚይዝበት ስፋት እጅግ እንዲበዛ የተደረገ ነው፣ የምድጃው ግን ጥላሸትና አመድ ነው። በጨው ውኃ ወይም በጣት ማስታወክ አያስፈልግም፤ ራሱን መጠበቅ ላልቻለ ሰው ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባበት ይችላል። ከሁሉ የከፋው ከፋርማሲ የተቅማጥ ማቆሚያ ገዝቶ መዋጥ ነው፤ ሊወጣ የነበረውን መርዝ አንጀት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቋንቋው ጠንከር ያለ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ስለነበረ አልተሰረዘም።

10ኛው ያንን ቁጣ ሳይቀጥል ሰዓቱን ብቻ ዘረዘረ፤ ክሩም እዚህ ላይ ጸጥ አለ። ማታ አንድ ሰዓት እራት ላይ የበላ ሰው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ድረስ ምንም አይሰማውም። ስድስት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ እስከ ሃያ አራት። በዚህ ጊዜ ውስጥ መርዙ ከአንጀት ወደ ጉበት ገብቶ ሴሎቹ ፕሮቲን ለመሥራት ትእዛዝ የሚገለብጡበትን ኢንዛይም ይይዘዋል። ከዚያ ድንገት ማስታወክ፣ ቁርጠትና እንደ ኮሌራ ውኃ የሆነ ተቅማጥ ይመጣል፤ አንድ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው የሚታለለው ቀጥሎ ባለው ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ይቆማል፣ ሰውየው ተነስቶ ሻይ ይጠጣል፣ ሾርባ ይጠይቃል፣ ቤተሰቡም እፎይ ይላል። ደሙ ግን በዚያው ሰዓት የጉበት ኢንዛይሞቹ ከመቶ ወደ ሺህ ሲወጡ ያሳያል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ድዱ ይደማል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ይቃዣል፤ ኩላሊቱም ይከተላል።

ከዚህ ተነስቶ 11ኛው ሰው ያመጣው ጥያቄ ጥሩ ነበር። ከስድስት ሰዓት በፊት ያስታወከ ሰው እንግዲህ የሞት ቆብ አልበላም ማለት ነው ወይ? ሐኪሞችም ይህን የስድስት ሰዓት ድንበር ሲጠቀሙበት እንደሚታወቅ ጠቀሰ።

12ኛው ድንበሩ ለሐኪም መነሻ እንጂ ለቤት ሰው መተማመኛ አይደለም ሲል መለሰ፤ ሁለት ምክንያት ሰጠ። አንደኛው የተቀላቀለ ማዕድ ነው፤ በአንድ ቅርጫት ሁለት ዓይነት ከተለቀመ አንደኛው በሁለት ሰዓት ያስታውካል፣ ሌላው ከጀርባው ዝም ብሎ ጉበት ይበላል። ሁለተኛው ሲያትልና ፖርትላንድ ላሉት ነው፦ እዚያ ጥድ ጫካ ውስጥ የሚበቅለው አማኒታ ስሚቲያና ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜም ማስታወክ ይጀምራል፣ የሚጎዳው ግን ኩላሊትን ነው፤ ዳያሊሲስ ላይ ያስቀምጣል። ኮርቲናሪየስ የሚባሉት የአውሮፓዎቹ ደግሞ ኩላሊት ላይ እስኪታዩ ከሁለት ቀን እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃሉ፤ ያኔ እንጉዳይ መበላቱን ማን ያስታውሳል? በመጨረሻም ለእስራኤል አንባቢዎች አንድ መስመር ጣል አደረገ። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ የሚወጣው ኢኖሳይቢ የሚባል እንጉዳይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያስልባል፣ ምራቅና እንባ ያፈስሳል፣ ልብ ያዘገያል፤ መድኃኒቱ አትሮፒን ነው። የሚደወለውም ሃይፋ፣ ራምባም ሆስፒታል ውስጥ ላለው የመርዝ መረጃ ማዕከል ነው።

ሕክምናውን 13ኛው ከነመጠኑ አስቀመጠው። መጀመሪያ ፈሳሽ፤ በተቅማጥ የወጣውን መተካት ብቻ ሳይሆን ኩላሊት መርዙን በሽንት እንዲያስወጣው፣ በሰዓት ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሽንት እስኪወጣ። ሁለተኛ ከሰል፣ ለአዋቂ 50 ግራም፣ ለሕፃን በኪሎ 1 ግራም፣ በየአራት ሰዓቱ እየተደገመ። የሚደገምበት ምክንያት አለው፦ ጉበት መርዙን ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይመልሰዋል፣ አንጀት እንደገና ይመጥጠዋል፤ ከሰሉ መንገዱ ላይ ይይዘዋል። ዘግይቶ የመጣ ሰውም የሚጠቀመው ለዚህ ነው። ሦስተኛ ሲሊቢኒን የሚባል፣ ከሚልክ ቲስል ተክል የሚወጣ መድኃኒት በደም ሥር፣ መጀመሪያ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ በቀን በኪሎ 20 ሚሊ ግራም፤ መርዙ ወደ ጉበት ሴል የሚገባበትን በር ይዘጋል። አራተኛ ኤን አሲቲል ሲስቲን፣ ለፓራሲታሞል መመረዝ በሚሰጠው አሰጣጥ። ምርመራው የጉበት ኢንዛይም፣ የደም መርጋት ልክ፣ ስኳርና የኩላሊት መለኪያው ክሬያቲኒን ነው፤ በየ6 እስከ 12 ሰዓት ይደገማል። የመጀመሪያው ውጤት ንጹሕ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፤ በ12ኛው ሰዓት ጉበት ገና አልጮኸም።

14ኛው ግን አንዳንዱ ላይ ውኃ ጨመረበት። ሲሊቢኒን በአውሮፓ በብዙ አገር ከመደርደሪያ ተነስቶ ይሰጣል፤ በአሜሪካ ግን ገና በጥናት ፈቃድ የሚሰጥ ነበር፣ ሐኪሙ ራሱ ደውሎ ነው የሚያስመጣው፣ ለዚህም ሰዓት ይፈጃል። በጤና ምግብ መደብር የሚሸጠው ሚልክ ቲስል እንክብል ምንጩ አንድ ቢሆንም በደም ሥር የሚሰጠውን አይተካም። ደግሞም ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱም በዕጣ በተከፋፈሉ በሽተኞች ተፈትኖ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ሰው ሲሊቢኒን የለም ብሎ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረ ፈሳሹንና ከሰሉን እንዳያጣ። የሚፈለገው ሆስፒታል የጉበት ንቅለ ተከላ ወደሚሠራ ቦታ በጊዜ የሚያስተላልፍ ነው፤ ሰመመን ውስጥ ከገቡ በኋላ መጓጓዝ ሌላ አደጋ ነው።

15ኛው የተመዘገቡ ነገሮችን አመጣ። በ2016 እ.ኤ.አ. ኅዳር መጨረሻ ላይ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሞት ቆብ ከወትሮው በላይ መፍላቱን የእንጉዳይ ማኅበር አባላት ለመርዝ ማዕከሉ አስታወቁ፤ ከአምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው በሽተኛ ገባ፣ በተከታዮቹ ሁለት ሳምንታት 13 ተጨመሩ። ሦስቱ ጉበት ተቀየረላቸው። ከአሥራ አራቱ ከአንዲት ሕፃን በቀር ሁሉም አገገሙ፤ እሷ በ18 ወሯ የአንጎል ጉዳት ቀረባት። እንጉዳዩን ለቤተሰቧ የሰጣቸው የማያውቁት ሰው ነው፣ ከተራራ ለቅሞ፤ ጠብሰው በሉት። በ2021 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ደግሞ ፖላንድ ውስጥ፣ ዋርሶ አጠገብ ባለ የስደተኞች ማረፊያ፣ ከአፍጋኒስታን የወጣ ቤተሰብ ከጫካው ለቅሞ በላ፤ የ5 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾች መስከረም መጀመሪያ ላይ ሞቱ፣ ትልቁ ልጅ ጉበት ተቀይሮለትም አልተረፈም። በ2015 እ.ኤ.አ. ጀርመን ብዙ ስደተኞች ሲመረዙ የሃኖቨር ሕክምና ዩኒቨርሲቲ በልዩ ልዩ ቋንቋ ማስጠንቀቂያ ለጥፏል። በሁሉም ቦታ ነገሩ አንድ ዓይነት ነው፦ አገሩ ሌላ፣ ዓይኑ የለመደው ሌላ።

ከዚያ ክሩ ቦታውን ለቀቀ። 16ኛው የአውስትራሊያውን የ2023 እ.ኤ.አ. የሊዮንጋታ ምሳ አነሳ፤ ሦስት ሰዎች የሞቱበት፣ አብሳይዋም በ2025 እ.ኤ.አ. በነፍስ ግድያ የተፈረደባት። ስለ ፍርዱ ሦስት ሰዎች ተከራከሩ፤ እዚህ አልደግመውም። 17ኛው ወደ ቋንቋ ወሰደን፦ የጅብ ጥላ የሚባለው የማይበላው እንጉዳይ ብቻ ነው፣ የሚበላው እንጉዳይ ነው ሲል 18ኛው በእነሱ አካባቢ ያለው ሁሉ የጅብ ጥላ ነው፣ ማንም አይነካውም አለ። ማንም አልተሸነፈም። 19ኛው ደግሞ ለጾም የሚፈልግ ሰው ኦይስተር እንጉዳይ በጤፍ ገለባ ያብቅል ብሎ መንገዱን ሁሉ ጻፈ፤ ገለባውን 5 ሴንቲ ሜትር አድርጎ መክተፍ፣ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ማጠንፈፍ፣ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ዘር ቀላቅሎ ቀዳዳ ያለው ላስቲክ ውስጥ መጠቅጠቅ፣ እስኪነጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ጨለማ ውስጥ ማቆየት። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ለብቻው ክር ይገባዋል።

20ኛው በስልክ መተግበሪያ ማረጋገጥ ይቻላል ሲል 21ኛው አፉን አስያዘው። መተግበሪያ የሚያየው ሥዕል ነው፤ ከረጢቱ አፈር ውስጥ ሲቀር፣ ስፖሩ ሳይታይ፣ በላይኛው ቆብ ብቻ ስም ይሰጣል፣ ጉበቱን የሚያሲዘው ደግሞ መተግበሪያው አይደለም። ትንሽ በዛ፤ 20ኛውም ተቀይሞ ወጣ።

22ኛው ከባሕር ዳር ጽፎ፣ የምትደውሉበት ቁጥር ለእናንተ ነው፣ እዚህ ያለ ሰውስ ብሎ ጠየቀ። 23ኛው የመለሰለት በደረጃ ነው። የበሉት ሁሉ፣ ያልታመሙትም ጭምር፣ አብረው ይሂዱ፤ ልጆች ከሁሉ ይቅደሙ። የተረፈው ወጥ፣ ልጣጩ፣ ቆሻሻ ላይ የተጣለው ግንድ ይወሰድ፤ ጥሬው በወረቀት እንጂ በላስቲክ አይቋጠር፣ ላስቲክ ውስጥ ይበሰብሳል። በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት ተበላ፣ ማን ምን ያህል በላ፣ የመጀመሪያው ትውከት ስንት ሰዓት መጣ። በር ላይ የመጀመሪያው ቃል ሆድ ቁርጠት ሳይሆን እንጉዳይ ይሁን፤ አለዚያ የምግብ መመረዝ ተብሎ ግሉኮስ ተሰክቶ፣ ተቅማጡ ሲቆም ይሸኛል፣ ያውም በሐሰተኛው ደህንነት ቀን። ሲሊቢኒን በሌለበት ክሪስታላይን ፔኒሲሊን በከፍተኛ መጠን፣ በቀን በኪሎ ከ300,000 እስከ 1,000,000 ዩኒት፣ ሲሰጥ ኖሯል፤ ማስረጃው ደካማ ቢሆንም መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ አለ። ስኳሩ በየጥቂት ሰዓቱ ይለካ።

ክሩን የከፈተው ሰው በ24ኛው ላይ ተመለሰ። አዲስ ፎቶ አያይዟል፤ በቢላ ተቆፍሮ ከነአፈሩ የወጣ፣ አጠገቡ ሳንቲም ያለበት፣ ከግንዱ ሥር ነጩ ከረጢት ወለል ብሎ የሚታይበት። ማንም አልበላውም። የጠየቀው መጥበሻው ስለነካው፣ እጁም ስለነካው ነው፤ ውሻውም ግቢ ውስጥ ይፈታል።

2ኛው ሰው ራሱ ነው በ25ኛው የመለሰለት። መርዙ በደህና ቆዳ አይገባም፤ እጅና መጥበሻ በሳሙና ይታጠቡ፣ ይበቃል። ውሻ ግን እንደ ሰው ይመረዛል፣ ሽታውም ይስበዋል፤ ስለዚህ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ታስሮ፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይግባ፣ ማዳበሪያ ክምር ላይ አይጣል። ዝናቡ እስኪያበቃ በየሳምንቱ ከዛፉ ሥር ይታይ፤ ዛፉ እስካለ ድረስ ተመልሶ ይፈላል።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ሁለት ሰዓት ይጠበቅ የሚለው መስመር አሁን በሠረዝ ተሰርዟል። ጨርሶ ያልጠፋው 6ኛው፣ 10ኛውና 12ኛው ምን እንደሚያርሙ እንዲታወቅ ነው።